የጤፍ፣ የአይጥና የሰው ዲኤንኤ ለሲኩዌንሲንግ፦ ናኖድሮፕ 410 ይላል፣ ኩቢት 38፤ ማንን ልመን?

ጀማሪ_ፒፔት፦

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄው ረዘም ይላል፤ ያለ ቁጥር "አልሠራም" ብሎ መጠየቅ እናንተን ማድከም ስለሆነ ያለኝን ሁሉ አስቀምጫለሁ።

ላቦራቶሪው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በአንድ ፕሮጀክት ሥር ሦስት ዓይነት ናሙና አለ፦ 24 የጤፍ መስመሮች (ለየብቻ የተያዙ ዘሮች)፣ 6 የላቦራቶሪ አይጦች (ትንሿን ማውስ ማለቴ ነው፣ ራት አይደለም)፣ እና ከጥቁር አንበሳ በኩል በበረዶ ሳጥን የሚመጣ የ10 ሰው ደም። የሁሉም ሙሉ ጂኖም ይነበባል።

ጤፉ 100 ሚሊግራም እርጥብ ቅጠል ነው። 2% ሲታብ (ሴል የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል)፣ 65 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ክሎሮፎርም አንድ ጊዜ፣ ከዚያ አይሶፕሮፓኖል ጨምሮ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ማሳደር። ውጤቱ፦ ናኖድሮፕ በማይክሮሊትር 410 ናኖግራም፣ የንጽህና መለኪያዎቹ 260/280 2.05፣ 260/230 0.9፤ ኩቢት 38 ብቻ (ሁለቱም የዲኤንኤ መጠን መለኪያ መሣሪያዎች ናቸው)። ጄሉ ላይ ከ200 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) በታች የሚያበራ ጭስ አለ፤ ከላይ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ነገር ይታያል። በናኖድሮፑ ቁጥር 1 ማይክሮግራም ተቆጥሮ ለሚናየን (ረጅም ንባብ ለሚሰጠው ትንሽ ሲኩዌንሰር) ላይብረሪ፣ ማለትም ለንባብ የተዘጋጀ ዲኤንኤ፣ ተሠራ። ፍሎውሴሉ (ንባቡ የሚካሄድበት ክፍል) ሲፈተሽ 1,240 ፖር (ዲኤንኤው የሚያልፍበት ቀዳዳ) ነበረው፤ በ3 ሰዓት ውስጥ ወደ 300 ወረደ። የተገኘው 1.6 ጊጋቤዝ (ቢሊዮን ቤዝ) ነው።

የአይጡ ዲኤንኤ ከጅራት ጫፍ በሆትሾት የወጣ ነው፤ ማሞቂያው የውሃ ባዝ ነው። የሰው ደም በኮለም ኪት ወጥቶ ኩቢት 45፣ 260/230 1.6 ሰጥቷል።

ጥያቄዎቼ፦ የቱን ቁጥር ልመን? ፖሮቹን የገደላቸው ምንድን ነው? ለእያንዳንዱ ዝርያ ስንት ጊጋቤዝ ይታዘዝ? ደግሞ ቀድሞ በአጭር ንባብ የተሠሩት የጤፍ ናሙናዎች ፋይል ላይ ሄትሮዛይገስ (ሁለት የተለያየ ፊደል የታየበት) ቦታ ሞልቷል። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ሆኖ ይህ ከየት መጣ? ዘሩ ተቀላቅሎ ነው?

የቅጠል_ወገን፦

ሰላም እህቴ። ኩቢትን እመኚ። ናኖድሮፑም ግን አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። በ260 ናኖሜትር ላይ ብርሃን የሚውጠውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ዲኤንኤውንም፣ አርኤንኤውንም፣ የተበታተነውን ኑክሊዮታይድም። ኩቢት የሚለካው ድርብ ክር ዲኤንኤ ላይ ሲጣበቅ ብቻ የሚያበራ ቀለም ነው። 260/280 ከ2.0 ማለፉና ከጄሉ ታች ያለው ጭስ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፦ አርኤንኤዝ (አርኤንኤ የሚበላው ኤንዛይም) አልገባበትም። ከ410ሩ አብዛኛው አርኤንኤ ነው።

0.9 የሆነው 260/230 ሌላ በሽታ ነው። ሲታብ ውስጥ ጓኒዲን (የኮለም ኪት ጨው) ስለሌለ የሚጠረጠሩት ፖሊሳካራይድ (የቅጠሉ ረጅም የስኳር ሰንሰለት)፣ ፖሊፌኖል (ቅጠሉን ቡናማ የሚያደርገው) እና ያልታጠበ ሲታብ ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ የቀረው ነገር ወደ ፖሊሳካራይዱ ያደላል። ዝቃጩን በጫፍ ስትነኪው እንደ አጥሚት የሚዝለገለግ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አይሶፕሮፓኖል ጨምሮ ማሳደር ብዙ ፕሮቶኮል ላይ ተጽፏል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቅጠል ግን መጥፎ ልማድ ነው። ቅዝቃዜና ረጅም ሰዓት ዲኤንኤውን ብዙም አይጨምሩም፤ ጨውና ፖሊሳካራይድ ግን አብረው ይወርዳሉ። በክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ ይበቃል።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ተክሎቹን ከመቁረጥሽ በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ጨለማ ውስጥ አቆዪያቸው፤ ያጠራቀሙትን ስታርች ይበላሉ። ከዚያ ለጋ ቅጠል ቁረጪ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ካልተገኘ ቅጠሉን በሲሊካ ጄል አድርቂው፤ 1 እጅ ቅጠል ለ10 እጅ ሲሊካ በክብደት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር እስኪሆን። ቀስ ብሎ የደረቀ ቅጠል ቡናማ ይሆናል፣ ቡናማው ደግሞ ዲኤንኤው ላይ የተጣበቀ ፖሊፌኖል ነው። በሲሊካ የደረቀ ቅጠል ለአጭር ንባብ ደህና ነው፤ ለረጅም ንባብ ግን ትኩሱን ነው የምመርጠው።

ዱቄቱን በቀጥታ ሲታብ ውስጥ አትክተቺው፤ መጀመሪያ በሶርቢቶል እጠቢው። ቅንብሩ 0.35 ሞላር ሶርቢቶል፣ 100 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8.0፣ 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ 1% ፒቪፒ-40 ነው። ቤታ መርካፕቶኢታኖል 1% የሚጨመረው በዕለቱ ነው፤ በጭስ መሳቢያ ሥር ብቻ። ለ100 ሚሊግራም 1 ሚሊሊትር ጨምረሽ ነቅንቂ፣ በ5,000 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሪ፣ ላይኛውን ፈሳሽ ድፊ። ፈሳሹ ዝልግልግነቱን እስኪያጣ 2 ወይም 3 ጊዜ ድገሚ። ኒውክሊየሱ ገና ስላልፈነዳ ዲኤንኤው ከዝቃጩ ጋር ነው ያለው፤ የምትደፊው ቆሻሻውን ብቻ ነው። ሰዎች "ጊዜ ይወስዳል" ብለው የሚዘሉት ይህን እርምጃ ነው፤ ኋላ በኮለምና በዶቃ (ዲኤንኤ በሚይዝ ማግኔታዊ ቅንጣት) ሲያጸዱ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜና ገንዘብ ይከፍሉበታል።

ከዚያ 700 ማይክሮሊትር አስቀድሞ 65 ዲግሪ የሞቀ ሲታብ፤ 1.4 ሞላር ጨውና 1% ፒቪፒ ይኑረው። 45 ደቂቃ አቆይተሽ በየ10 ደቂቃው ቱቦውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጊ፤ ቮርቴክስ የለም። ክሎሮፎርም ከአይሶአሚል አልኮል ጋር 24 ለ 1፣ ሁለት ጊዜ፣ በክፍል ሙቀት። ሴንትሪፊውጁን 4 ዲግሪ ላይ አታድርጊው፤ ሲታብ በቅዝቃዜ ይረጋል፣ ዲኤንኤውንም ይዞ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ራሱ ነጭ ዝቃጭ ሠርቶ ታገኚዋለሽ። ሳይሟሟ ከላይ ከላይ የቀዳ ሰው በስም 2% የተባለ፣ በተግባር ግን የሳሳ ፈሳሽ ነው የሚጠቀመው።

በ0.7 መጠን አይሶፕሮፓኖል ካወረድሽው በኋላ በ200 ማይክሮሊትር ቲኢ ባፈር አሟሚው። 10 ሚሊግራም በሚሊሊትር የሆነ አርኤንኤዝ ኤ 2 ማይክሮሊትር፣ 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ እንደገና ክሎሮፎርም። ቀጥሎ 5 ሞላር ጨው 100 ማይክሮሊትር ጨምረሽ በሁለት እጥፍ ኤታኖል አውርጂው። ጨው ሲበዛ ፖሊሳካራይዱ ኤታኖሉ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፣ ዲኤንኤው ብቻ ይወርዳል። ጨው ስለበዛ በ70% ኤታኖል ሁለት ጊዜ ማጠብ ግድ ነው። መጨረሻ ላይ ናኖድሮፑ ከኩቢቱ 1.5 እጥፍ በላይ ካልበለጠና 260/230 ከ1.8 ካለፈ ቀጥይ። ካልሆነ ወደ ላይብረሪ አትግቢ።

ባለ_ዶቃው፦

የፖሮቹን ጉዳይ ልያዘው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። በናኖድሮፕ ቁጥር 1 ማይክሮግራም ማለት 2.44 ማይክሮሊትር ነው። 2.44 ሲባዛ በ38፣ 93 ናኖግራም። ሊጌሽን ኪቱ 1 ማይክሮግራም ሲጠይቅ አንድ አሥረኛውን እንኳ አልሰጠሽውም፤ ቀሪው አርኤንኤ ነው፣ አዳፕተሩ ደግሞ አርኤንኤ ላይ አይቀጠልም። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ደርሷል፦ የላይብረሪው ሞለኪውል ጥቂት ነው፣ አብሮት የገባው ፖሊሳካራይድ ደግሞ ፖር ይደፍናል።

የተደፈነ ፖርና የሞተ ፖር ግን አንድ አይደሉም። የሚንኖው (የሚናየኑ ሶፍትዌር) የፖር ፍተሻ በቀለም ይለያቸዋል። የተደፈኑት በማጠቢያ ኪቱ ሊመለሱ ይችላሉ፦ 2 ማይክሮሊትር ዲኤንኤዝ ያለበት ቅልቅል ከ398 ማይክሮሊትር ማቅጠኛው ጋር፣ ለ60 ደቂቃ ማቆየት፣ እንደገና መፈተሽ። ዲኤንኤዙ የሚበላው ዲኤንኤ ነውና ፖሊሳካራይድ የደፈነውን እንዲያነሳ አትጠብቂ። ሽፋኑ የተቀደደ ፖር ግን አይመለስም፤ የዚህ ዋና ምክንያት የአየር አረፋ ነው። ፍሎውሴሉን ስታዘጋጂ ከመግቢያው ከ20 እስከ 30 ማይክሮሊትር ወደኋላ ስበሽ አረፋውን አውጪ። ከዚያ በላይ ከሳብሽ ግን ፖሮቹ ይደርቃሉ፤ ድርቀት አንዴ ያገኘው ፖር አልቆለታል።

መጫኛውን በናኖግራም ሳይሆን በፌምቶሞል ነው ማሰብ ያለብሽ። ለአር10.4.1 ፍሎውሴል ከ35 እስከ 50 ፌምቶሞል። አማካይ ርዝመቱ 10 ሺህ ቤዝ ከሆነ 50 ፌምቶሞል 325 ናኖግራም ገደማ ነው፤ 20 ሺህ ከሆነ 650። "300 ናኖግራም ጫንኩ" የሚል ሰው ርዝመቱን ካልነገረሽ ምንም አልነገረሽም።

ዶቃ ላይ አንድ የከተማችን ነገር አለ። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር፣ ኤታኖል ቶሎ ይተናል። የውጭ ፕሮቶኮል ላይ ያለውን የማድረቂያ ጊዜ እንዳለ ከተከተልሽ ዶቃው ይሰነጠቃል፣ ረጅሙ ዲኤንኤም ተጣብቆበት አይወጣም። ሰዓት ሳይሆን ዶቃውን እዪ፤ ማንጸባረቁን ትቶ ደብዘዝ ሲል፣ ሳይሰነጠቅ፣ ማሟሚያውን ጨምሪ። 80% ኤታኖሉም የዕለቱ ይሁን። የሳምንት ኤታኖል ተንኖ ውሃው ያመዝናል፣ ዲኤንኤውን ከዶቃው ላይ ያጥበዋል።

ስለ መብራት፦ ዩፒኤሱ ማቆየት ያለበት ኮምፒውተሩንም ነው፣ ሚናየን ኃይሉን የሚያገኘው ከእሱ በዩኤስቢ ስለሆነ። ጥሬ ፋይሎቹን አስቀምጪና ቤዝ መጥራቱን (ሲግናሉን ወደ ፊደል መቀየሩን) በኋላ ጂፒዩ ባለው ማሽን በዶራዶ ሶፍትዌር ሥሪው። ንባቡ እየሄደ ቤዝ ጥሪ ደርበሽ ማስኬድ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱንም ማጣት ነው። ፍሎውሴል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። መብራት በሄደ ቁጥር "ይቀዝቅዝ" ብሎ ወደ ዲፕ ፍሪዘር የሚያስገባ ደግ ሰው በየላቦራቶሪው አይጠፋም፤ በሩ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ፍሎውሴሉ ሲበርድ ሳይሆን በረዶ ሲሆን ነው የሚሞተው።

እውነቱን ልናገር? ለ24 መስመሮች ቫሪያንት (የዲኤንኤ ልዩነት) ፍለጋ ሚናየን ትክክለኛው ዕቃ አይደለም። አንድ ፍሎውሴል በተግባር ከ10 እስከ 20 ጊጋቤዝ ቢሰጥ ነው። 2 በ150 የሆነ (ከሁለቱም ጫፍ 150 ቤዝ የሚነበብ) አጭር ንባብ እዘዢላቸው፤ ሚናየኑን ለአንድ ወይም ለሁለት መስመሮች መዋቅራዊ ልዩነት አቆዪው።

ሐምራዊ_ክዳን፦

የአይጡና የሰው ድርሻ የእኔ ይሁን።

ሆትሾት ለጂኖታይፒንግ ፒሲአር የተሠራ ዘዴ ነው እንጂ ለሲኩዌንሲንግ አይደለም። 25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ 95 ዲግሪ ላይ የተቀቀለ ዲኤንኤ ነጠላ ክር ይሆናል፤ ፕሮቲኑም ቆሻሻውም እዚያው ቱቦ ውስጥ ነው። ኩቢት ድርብ ክር ስለሚፈልግ ትንሽ ብቻ ያሳይሻል፣ ላይብረሪ ኪቱም አይቀበለውም። በዚያ ላይ የውሃ ባዝ ተጠቅመሻል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባዙ 95 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ውሃው ግን እዚያ አይደርስም። ለማንኛውም 95 ለሚል እርምጃ ደረቅ ብሎክ ወይም ፒሲአር ማሽኑን ተጠቀሚ።

ለሙሉ ጂኖም ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ጅራት በፕሮቲኔዝ ኬ 55 ዲግሪ ላይ አሳድሪው። ጠዋት ፀጉሩና አጥንቱ ይቀራል፤ አሽከርክረሽ ላይኛውን ፈሳሽ ብቻ ውሰጂ፣ ከዚያ ኮለም ወይም ክሎሮፎርም። አርኤንኤዝ እዚህም አትርሺ።

ከዲኤንኤው በፊት ግን አንድ ጥያቄ፦ አይጦቹ ምን መስመር ናቸው? "ብላክ 6" ብቻ አይበቃም። የማውስ ሪፈረንስ (ንባብ የሚመሳከርበት ጂኖም) የተሠራው ከሲ57ቢኤል/6ጄ ነው። 6ጄ የሚባለው ኤንኤንቲ በተባለው ጂን ውስጥ ጉድለት አለው፣ ይህም በማይቶኮንድሪያ ሥራ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ 6ኤን የሚባለው ያ ጉድለት የለበትም፣ በምትኩ የዓይን ሬቲናን የሚጎዳ ሲአርቢ1 ላይ ያለ ለውጥ ይሸከማል። ሁለቱን ያቀላቀለ ሙከራ ልዩነቱን ለተጠናው ጂን ይሰጠዋል። ጂን የተቀየረበትን አይጥ ለ10 ትውልድ ወደ መነሻው መስመር ቢመልሱት እንኳ ከሌላው ጂኖም ወደ 99.8% ነው የሚጸዳው፤ በተቀየረው ጂን ግራና ቀኝ ያለው ቁራጭ ግን አብሮ ተሳፍሮ ይቀራል። የእናንተን ስድስት አይጦች ሙሉ ጂኖም ማንበብ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ይህን ቁራጭ ማየት ነው።

ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይምጣ። አረንጓዴው ክዳን ሄፓሪን ነው፤ ሄፓሪን ከዲኤንኤ ጋር አብሮ ይወጣና ፒሲአሩን ያቆማል። በረዶው ቱቦውን በቀጥታ አይንካው፤ መካከል ላይ ካርቶን ወይም ጨርቅ አድርጉ። ከጥቁር አንበሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው ርቀት አጭር ነው፤ በትራፊክ ሰዓት ግን ሳጥኑ ውስጥ ወደ በረዶነት የተቀየረ ደም ሴሉ ይፈነዳል። በ1 ሚሊሊትር ጤናማ ደም ውስጥ ከ4 እስከ 11 ሚሊዮን ነጭ ሴል አለ፣ በእያንዳንዱ 6.6 ፒኮግራም ዲኤንኤ። በንድፈ ሐሳብ ከ26 እስከ 73 ማይክሮግራም መሆኑ ነው። ቀይ ሴላችን ኒውክሊየስ የለውም (ዶሮ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠብታ ትገላገሉ ነበር)። 1.6 የሆነው 260/230 ከኮለሙ የቀረ ጓኒዲን ነው፤ የመጨረሻውን ማጠቢያ ድገሚና ባዶ ኮለሙን 2 ደቂቃ አሽከርክሪው። ለአጭር ንባብ 1.6 ራሱ ብዙም አያስቸግርም።

የሰው ጂኖም ላይ አንድ ቦታ በተለይ ተጠንቀቂ፦ ሲዋይፒ2ዲ6። ኮዴንን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው የጉበት ኤንዛይም ጂን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተጠኑት ኢትዮጵያውያን 29% የሚሆኑት ይህን ጂን ተደጋግሞ እንደሚሸከሙት አሳይቷል፤ ለእነሱ የተለመደው የኮዴን መጠን ሊበዛ ይችላል። አጠገቡ ሲዋይፒ2ዲ7 የተባለ መንትያ የሚመስል ሐሰተኛ ጂን ስላለ አጭር ንባብ የቱ ጋ እንደሚያርፍ አያውቅም። መደበኛው የቫሪያንት ጥሪ የቅጂ ብዛቱን አይነግርሽም፤ ለዚህ ጂን የተዘጋጀ ለብቻው የሆነ መተንተኛ አስኪጂ፣ ወይም ረጅም ንባብ ተጠቀሚ።

ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ወረቀቱ ከዲኤንኤው በፊት ይጀመር። ለሰው ናሙና የተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ እንደ ጥናቱ ዓይነት ደግሞ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው፣ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትም። የፈቃድ ቅጹ ላይ "ሙሉ ጂኖም" እና "ውሂቡ ለሌሎች ተመራማሪዎች ይጋራል ወይስ አይጋራም" የሚሉት በግልጽ ይጻፉ፤ "ለምርምር" የሚል አንድ ቃል አይበቃም። ለጤፉ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚመለከተው የጄኔቲክ ሀብትን ነው፣ የደረቀ ቅጠልም ሆነ የወጣ ዲኤንኤ ያው ሀብቱ ነው። የሆላንዱን የጤፍ ፓተንት ክርክር ያስታወሰ ሰው ይህን እንደ ቢሮክራሲ አያየውም።

ጀማሪ_ፒፔት፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ጋሽ ባለ_ዶቃው፣ የ93 ናኖግራሙ ሒሳብ ብቻውን ስንት ነገር ገለጠ። ሆትሾቱ ይቅር፤ ሶርቢቶሉም ተገዝቷል። የቀሩት የጊጋቤዝ መጠኑና ሄትሮዛይገሱ ናቸው። ለሄትሮዛይገሱ ዝርዝር፦ ንባቡ 15 እጥፍ ገደማ ነው (እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 15 ጊዜ ተነቧል)፣ ሪፈረንሱ ፀደይ ከተባለው የጤፍ ዝርያ የተሠራው የ2014 እ.ኤ.አ. ረቂቅ፣ ልዩነቶቹ የተጠሩት በጂኤቲኬ ሶፍትዌር። በየናሙናው ከተጠሩት ቦታዎች 11% የሚሆኑት ሄትሮዛይገስ ናቸው።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

መጠኑ ቀላል ማባዛት ነው፤ ጂኖሙ ሲባዛ በሽፋኑ። ሰው 3.1 ጊጋቤዝ በ30 እጥፍ 93 ይሆናል፤ በ2 በ150 ሲቆጠር 310 ሚሊዮን ጥንድ ንባብ። ማውስ 2.7 በ30፣ 81። ጤፍ 622 ሜጋቤዝ ገደማ ስለሆነ በ15 እጥፍ 9.3 ይመጣል፤ ራሱን በራሱ ላዳቀለ ንጹሕ መስመር 15 ይበቃል። ከቅጠል ዲኤንኤ ግን ቀላል የማይባለው ንባብ የክሎሮፕላስት ነው፤ አንድ ሴል ውስጥ የክሎሮፕላስቱ ጂኖም ቅጂ በሺህ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ 12 እዘዢ። የጨለማው 48 ሰዓት ስታርቹን ነው የሚቀንሰው፣ ክሎሮፕላስቱን አይደለም።

ወደ ሄትሮዛይገሱ። ጤፍ አሎቴትራፕሎይድ ነው፤ 40 ክሮሞዞም፣ ሁለት የተለያዩ ቅድመ አያቶች ጂኖም በአንድ ኒውክሊየስ ውስጥ። የሁለቱ ጂኖች በጣም ይመሳሰላሉ። የ2014ቱ ረቂቅ በአጭር ንባብ የተገጣጠመና የተበጣጠሰ ስለሆነ በብዙ ቦታ ሁለቱ ወደ አንድ ተጨፍልቀዋል። ከሁለቱም የመጡ ንባቦች አንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ፣ ፊደላቸው ሲለያይ ሶፍትዌሩ ሄትሮዛይገስ ይላል። ተክሉ አይደለም ድቅል የሆነው፣ ሪፈረንሱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በረጅም ንባብ የወጣው የዳቢ ሪፈረንስ ሁለቱን ንዑስ ጂኖሞች ለይቶ አስቀምጧል፤ በእሱ ላይ እንደገና አሳርፊው። ከዚያም የቀረውን እንዲህ አጣሪ፦ የማረፊያ ጥራቱ ከ30 በታች የሆነ ንባብ ይውጣ፤ ሽፋኑ ከአማካዩ ሁለት እጥፍ የሆነ ቦታ (15 ከሆነ 30 አካባቢ) ይውጣ፤ ከ24ቱ መስመሮች በ20ዎቹ ላይ ሄትሮዛይገስ የሆነ ቦታም ይውጣ። ራሱን የሚያዳቅል ሰብል ላይ ሁሉም በአንድ ቦታ ድቅል ሊሆን አይችልም።

ይኸው ሚዛን ለሌሎቹ በተቃራኒ ይሠራል። በዘመድ የተዳቀለ ማውስ ሄትሮዛይገስ ቦታ ከሞላበት ናሙናው ተበክሏል ወይም መስመሩ የተባለው አይደለም። ሰው ላይ ደግሞ በጣም ሲያንስ ነው የሚያስጠረጥረው። ሁለቱም ላይ የኤክስና የዋይ ክሮሞዞም ሽፋን ከተመዘገበው ጾታ ጋር ይመሳከር፤ የተቀያየረ ቱቦ የሚያዘው እዚያ ነው።

ሪፈረንስ ስትመርጪ ለማውስ ጂአርሲኤም39፣ ለሰው ጂአርሲኤች38። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተነበበው የሰው ጂኖም ያልነበረውን 8% ሞልቷል፤ የምታመሳክሪባቸው የሕመም ዳታቤዞች ግን አሁንም በአብዛኛው በ38 ነው የሚናገሩት። አንዱ ፋይል ክሮሞዞም 1ን በቁጥር ብቻ፣ ሌላው ከፊቱ ሦስት ፊደል (chr) ጨምሮ ከጻፈው ሶፍትዌሩ ሳያማርር ባዶ ውጤት ይሰጥሻል። ያ ባዶ ፋይል "ቫሪያንት የለም" ማለት አይደለም።

ናሙናዎችን ስትቀላቅይም እንዲሁ። "ከሪፈረንሱ ጋር አንድ ነው" እና "አልተነበበም" የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከጋሞ ደጋ የተገኘው የ4,500 ዓመቱ የሞጣ ሰው ጂኖም በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታተም ከዘመኑ ሰዎች ውሂብ ጋር ሲዋሐድ በሁለት ሶፍትዌሮች መካከል አንድ የማስማሚያ እርምጃ ቀርቶ ነበር። ከሪፈረንሱ ጋር አንድ የሆኑት ቦታዎች እንደጠፉ ተቆጠሩ፤ ከዩራሲያ የተመለሰው ዘር በመላ አፍሪካ ተሰራጭቷል የሚለው መደምደሚያም ተጋነነ። ደራሲዎቹ ራሳቸው በ2016 እ.ኤ.አ. አርመውታል። ጂኖሙ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ውህደቱ ነው። አንቺ ይህን የምታመልጪው በየናሙናው ጂቪሲኤፍ (ከሪፈረንሱ ጋር አንድ የሆነውንም ቦታ የሚመዘግብ ፋይል) አውጥተሽ ሁሉንም በአንድ ላይ በመጥራት ነው።

ፋይሎቹ በሃርድ ዲስክ ከመጡ ኮፒ ከማድረግሽ በፊትና በኋላ የኤምዲ5 ቁጥራቸውን (የፋይሉን አሻራ) አመሳክሪ።

የቅጠል_ወገን፦

ሰርቨር_ጠባቂ ያለውን እደግፋለሁ፣ ግን 11% ለእኔ ሁለቱን ንዑስ ጂኖሞች ለጨፈለቀ ሪፈረንስ ብቻውን እንኳ ብዙ መሰለኝ። እህቴ፣ አንድ ቱቦ ውስጥ ስንት ተክል ነው የገባው? የጤፍ ቡቃያ ክር ነው የሚያክለው፤ 100 ሚሊግራም ከአንድ የ10 ቀን ቡቃያ አይገኝም።

ጀማሪ_ፒፔት፦

ከየመስመሩ 8 ቡቃያ በአንድ ቱቦ ነው።

የቅጠል_ወገን፦

እንግዲያው ሁለት ምንጭ አለሽ። መለየትም ይቻላል። የተጨፈለቀ ንዑስ ጂኖም የሚሰጠው ሄትሮዛይገስ በሁሉም መስመሮች አንድ ቦታ ላይ ይገኛል፣ የሁለቱ ፊደላት ንባብም ግማሽ በግማሽ አካባቢ ነው። 8 ተክል ተቀላቅሎ የሚመጣው ግን በመስመር በመስመር የተለያየ ቦታ ላይ ነው፣ ድርሻውም 1 ከ8፣ 2 ከ8፣ 3 ከ8 እያለ ይበታተናል፤ በ15 እጥፍ ንባብ ደግሞ 1 ከ8 የሚሆነው ሁለት ንባብ ብቻ ስለሆነ ግማሹ ሳይጠራ ያመልጥሻል። ከገበሬ የተሰበሰበ ዘር ከሆነ ራሱን ቢያዳቅልም በከረጢቱ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ፤ ያንን ቅልቅል ነው የምታነቢው።

ከየመስመሩ አንድ ተክል ብቻ በማሰሮ አስቀሪ፣ ቅርንጫፍ እስኪያወጣ 4 ወይም 5 ሳምንት ጠብቂው። ከላይ ለጋ ቅጠል ያልኩት አልተሻረም፤ ከየቅርንጫፉ አዲስ የወጣውን ቅጠል ጫፍ ቁረጪ፣ ተደምሮ 100 ሚሊግራም ይሞላል። ተክሉን አትንቀይው፤ እስኪያፈራ ይቆይና የዚያኑ ተክል ዘር በፖስታ አድርገሽ ከዲኤንኤው ጋር አንድ ቁጥር ስጪው።